ባትሪው ላይ ከመፍረድ በፊት

በቤት ውስጥ ከሚያገለግሉን ነገሮች ሁሉ እንደ መብራት ዝም ብሎ የሚሠራ፣ በጠፋም ጊዜ እንደ መብራት የሚናፈቅ ጥቂት ነው። አያቶቻችን በኩራዝና በፋኖስ፣ በጧፍና በምድጃ እሳት ሌሊቱን ሲገፉ፣ የብርሃናቸውን መጠን በዐይናቸው ያዩት ነበር፤ ላምባው ሲጎድል ይታያል፤ ጧፉም ሲያጥር ይታያል። የዛሬው ብርሃናችን ግን ከማይታይ ነገር ይመጣል፤ በተዘጋም ሣጥን ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ በጎደለ ጊዜ ምን እንደ ጎደለ፣ ከወዴትስ እንደ ጎደለ ለማወቅ ዐይን ብቻውን አይበቃም፤ ማስተዋልና መለካትም ያስፈልጋል።

ይህንን ጽሑፍ ለማቅረብ ያነሣሣን በሰፈራችን በሳሊተ ምሕረት ደጋግመን ያየነው ነገር ነው። አንድ ቤተ ሰብ ብዙ ወራት ቆጥቦ የፀሐይ መብራት ያስገባል፤ አንድ ዓመት ወይም ሁለት ዓመት ደስ ብሎት ይገለገልበታል፤ ከዚያ በኋላ ባትሪው አልሞላም ይላል። ባለሙያ ተብሎ የተጠራውም ሰው ገና ከበሩ ሳይገባ «ባትሪው ሞቷል፤ አዲስ ግዙ» የሚል ፍርድ ይሰጣል። ፍርዱ አንዳንድ ጊዜ እውነት ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ባትሪው በሌላው ጥፋት የተከሰሰ ንጹሕ ነው። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል እንዲሉ፣ በችኮላ የተገዛው አዲስ ባትሪም በዚያው ባልታወቀው ጥፋት ምክንያት እንደ ፊተኛው ይደክማል።

ሰፈራችን ስሙን ከቤተ ክርስቲያኑ የወሰደ፣ በምሥራቅ አዲስ አበባ የሚገኝ ሰፊ መንደር ነው። ከጥቂት ዐሥርተ ዓመታት በፊት የእርሻ መሬት የነበረው ይህ አካባቢ ዛሬ ከሲኤምሲ እስከ ሰሚትና እስከ አያት ድረስ በቪላና በፎቅ ቤት ተሞልቷል። ግንባታው ገና ስላላለቀ፣ ዛሬ ሜዳ የነበረው ቦታ በሁለት ዓመት ውስጥ ስምንት ፎቅ ሆኖ ይቆማል። የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቆ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ለአገራችን መገኘቱ ትልቅ ደስታ ነው። ይሁን እንጂ ኃይል ከግድቡ ተነሥቶ እስከ ማድ ቤታችን አምፖል ድረስ የሚጓዝበት መንገድ ረጅም ነው፤ በመንገዱም ላይ ትራንስፎርመር አለ፤ ምሰሶ አለ፤ ነፋስ የሚጥለው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍም አለ። ስለዚህ ብዙ ቤተ ሰብ ለክፉ ቀን የሚሆን መብራት በራሱ ጣሪያ ላይ ማዘጋጀቱን አልተወም።

በእኛም ቤት የፀሐይ መብራት የገባው ለጌጥ አይደለም። አረጋዊት እናታችን የስኳር ሕመምተኛ ናቸው፤ መድኃኒታቸውም ኢንሱሊን ነው። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ ከዚያ በላይ ሞቆ ብዙ ከቆየ ኃይሉ ይደክማል፤ በረዶ ከሆነም ፈጽሞ አይጠቅምም። ከፍተው የጀመሩት ብልቃጥ እንኳ በቤት ሙቀት ለአራት ሳምንት ያህል ሊቆይ ይችላል፤ በመጠባበቂያነት የሚቀመጠው ግን ያለ ማቀዝቀዣ አይሆንም። እንግዲህ በጓዳችን ያለችው ትንሽ ማቀዝቀዣ የምትሠራው ለወተትና ለቅቤ ብቻ ሳይሆን ለአንድ ሰው ሕይወት ጭምር ነው። የባትሪው ነገር እንቅልፍ የነሣንም ስለዚህ ነው።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት የዕቃዎቹን ሥራ በምሳሌ እንግለጽ፤ ነገር በምሳሌ፣ ጠጅ በብርሌ ነውና። ከጣሪያ በላይ ያለው ፓኔል እርሻው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከፀሐይ ያመርታል። ባትሪው ጎተራው ነው፤ የቀኑን ምርት ለሌሊት ያኖራል። ቻርጅ ኮንትሮለር የሚባለው ትንሽ ሣጥን ደግሞ የጎተራው ዘበኛ ነው፤ እህሉ ከመጠን በላይ እንዳይፈስ፣ ጎተራውም ባዶ እንዳይቀር ይጠብቃል። ኢንቨርተሩ የባትሪውን ኃይል የቤት ዕቃ ወደሚጠቀምበት 220 ቮልት የሚለውጥ ወፍጮ ነው። ይህ ሁሉ ትናንት የተፈጠረ አይደለም። በእርሳስና በአሲድ የሚሠራውን ባትሪ ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ የሠራው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያወጣው የሲሊኮን ሴል ደግሞ በአሜሪካ አገር በቤል ላቦራቶሪ በ1954 እ.ኤ.አ. ለሕዝብ ታየ፤ በዚያም ጊዜ ከተቀበለው ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው 6 በመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። ዛሬ በገበያ የሚሸጡት ፓኔሎች ከ20 በመቶ በላይ ይለውጣሉ።

የእኛ ቤት መሣሪያ እያንዳንዳቸው 330 ዋት የሆኑ ሁለት ፓኔሎች፣ በተከታታይ ተያይዘው 24 ቮልት የሚሰጡ ሁለት ባለ 12 ቮልት፣ 200 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪዎች፣ አንድ ኮንትሮለርና አንድ ኢንቨርተር ነው። ባትሪው የሚሞላው ከፀሐይ ብቻ ነው። በበጋው ወራት ምንም እንከን አልታየበትም። ክረምቱ ገብቶ ሐምሌ ሲጋመስ ግን ኢንቨርተሩ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጮህ ጀመረ፤ በፍልሰታ ጾም ሳምንታት ደግሞ ገና በአምስት ሰዓት ይጮህና ይጠፋ ነበር። እናታችን በጨለማ ተነሥተው የማቀዝቀዣዋን በር በእጃቸው እየዳሰሱ «ቀዝቃዛ ናት፤ አይዟችሁ» ይሉን ነበር፤ ይህን የሚሉትም እኛን ለማጽናናት እንጂ እጃቸው ስላረጋገጠላቸው አልነበረም።

ዕቃውን የሸጠልን ሰው ተጠርቶ መጣ፤ ማብሪያውን አንድ ጊዜ ነካ አድርጎ ሁለቱም ባትሪዎች ስለ ሞቱ መለወጥ አለባቸው ብሎ ሄደ። የጠራውም ዋጋ ለልጃችን የመንፈቅ ትምህርት ክፍያ ካስቀመጥነው ገንዘብ ጋር እኩል ነበር። እንግዲህ ምርጫው በሁለት ነገር መካከል ሆነ፤ ሁለቱም የማይተዉ ናቸው። በዚህ ጊዜ ነው በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ የተማረው የእኅታችን ልጅ እናታችንን ሊጠይቅ የመጣው። ነገሩን ከሰማ በኋላ «ጋሼ፣ ባትሪው ላይ ከመፈረዱ በፊት ምስክር ይሰማ፤ ምስክሮቹም ከአንድ መለኪያና ከአንድ ደብተር በቀር ሌላ አያስፈልጋቸውም» አለን። ያደረገውን በተራ እንጽፈዋለን፤ ማንኛውም ቤተ ሰብ ሊከተለው የሚችል ነውና።

አንደኛው ምስክር ያረፈ ባትሪ ነው። ባትሪ እየሞላ ወይም እየሠራ ሳለ የሚታየው ቮልት ያሳስታል፤ ስለዚህ ጎሕ ሳይቀድ ኢንቨርተሩን አጥፍተን ሁለት ሰዓት ያህል አሳረፍነው። ያረፈ ባለ 12 ቮልት የእርሳስ ባትሪ 12.7 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካሳየ ሞልቷል፤ 12.2 ገደማ ከሆነ ግማሽ ነው፤ ከ11.9 በታች ከወረደ ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ሁለቱን ባትሪዎች ለየብቻ ለካን፤ አንደኛውም 12.0፣ ሁለተኛውም 12.0 ሆነ። ልጁ በዚህ ጊዜ ፊቱ በራ። ከተያያዙ ባትሪዎች አንዱ ውስጡ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ፣ አንዱ 12.6 ሌላው 10.9 እንደሚባለው ያለ ልዩነት ይታይ ነበር። እኩል የወረዱ ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ የታመሙ ሳይሆኑ የተራቡ ናቸው። ጥያቄውም ከዚህ በኋላ «ባትሪው ምን ሆነ?» መሆኑ ቀርቶ «ምግቡ ወዴት ቀረ?» ሆነ።

ሁለተኛው ምስክር ሒሳብ ነው። በቀንና በሌሊት የምንጠቀምበትን ሁሉ በደብተር ጻፍን። ማቀዝቀዣዋ በቀን 600 ዋት ሰዓት ያህል ትወስዳለች፤ እያንዳንዳቸው 9 ዋት የሆኑ ስድስት አምፖሎች አምስት ሰዓት ሲበሩ 270፤ ቴሌቪዥኑ አራት ሰዓት ሲከፈት 240፤ የኢንተርኔቱ ሣጥንና የስልኮቹ መሙያ 240 ይወስዳሉ። ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ኢንቨርተሩ ራሱ ነው፤ ምንም ሳይሠራ ቢውል እንኳ ለራሱ 15 ዋት ስለሚበላ፣ በ24 ሰዓት ውስጥ 360 ዋት ሰዓት ይወስዳል። ጠቅላላው 1,710 ሆነ። በገቢ በኩል በበጋ ቀን ሙሉ ፀሐይ አምስት ሰዓት ብትቆጠር፣ ከሚባክነው ተርፎ ሰባ በመቶው ቢገባ፣ 660 ዋቱ ፓኔል 2,310 ዋት ሰዓት ያስገባል፤ ይህም ከወጪው ይበልጣል። በክረምት ግን ሦስት ሰዓት ብቻ ቢቆጠር 1,386 ይሆናል። በየቀኑ 324 ይጎድላል ማለት ነው። የእርሳስ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች እንዲወርድ ስለማይፈቀድለት፣ ከሁለቱ ባትሪዎች የሚወሰደው 2,400 ዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ይህ መጠባበቂያ በሳምንት ውስጥ ያልቃል። ጉድለቱ በአንድ ሌሊት የማይታየው፣ ደመናው ሲደጋገም ግን የሚገለጠው ስለዚህ ነው። ቤተ ሰብ ገቢውንና ወጪውን እንደሚያመዛዝን ሁሉ፣ ለክረምቱ የተለየ ቁጠባ ሊኖር እንደሚገባ ተረዳን።

ይሁን እንጂ ሒሳቡ ብቻውን የሆነውን ሁሉ አይገልጥም ነበር፤ ጸሐይ በወጣባቸው ቀናት እንኳ ባትሪው አያገግምም ነበርና። ስለዚህ ሦስተኛውን ምስክር ለመስማት ወደ ጣሪያው መሰላል ተሰቀለ። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ትገኛለች። ፀሐይ ግን እስከ ሰኔ 14 ገደማ ድረስ ወደ ሰሜን እየሄደች 23 ዲግሪ ተኩል ያህል ትደርሳለች፤ ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ ገደማ እስከ ነሐሴ ማለቂያ ገደማ የቀትር ፀሐያችን ከዐናታችን ወደ ሰሜን ዘንበል ትላለች፤ በበጋ ግን ወደ ደቡብ ትወርዳለች። ከቤታችን በስተ ሰሜን ምሥራቅ አዲስ የተሠራው ፎቅ በጥር ወር በፓኔሎቻችን ላይ ጥላውን አልጣለም፤ በሐምሌ ግን እስከ ጧቱ አራት ሰዓት ድረስ ይጋርዳቸው ነበር። ጥላ ደግሞ በፓኔል ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ከስፋቱ ይበልጣል፤ ሴሎቹ እንደ ሰንሰለት የተያያዙ ስለሆኑ፣ አንዲት ትንሽ ክፍል ስትጋረድ የፓኔሉ ሲሶ፣ አንዳንዴም ሁሉም ከሥራ ሊወጣ ይችላል። ጎረቤታችን በገዛ መሬቱ ቤት በመሥራቱ የሚወቀስበት ነገር የለም፤ ነገር ግን በከተማችን ምሥራቅ ዳርቻ የሚኖር ሁሉ ፓኔሉን ሲያስተክል ዛሬ ያለውን ሰማይ ብቻ ሳይሆን ነገ ሊነሣ የሚችለውንም ፎቅ፣ የበጋዋን ፀሐይ ብቻ ሳይሆን የክረምቷንም መንገድ ቢያስብ መልካም ነው።

አራተኛው ምስክር የቀትሩ መለኪያ ነው፤ እውነተኛው ተከሳሽም በዚህ ተገኘ። ደመናው ገለጥ ባለ ቀን፣ በስድስት ሰዓት፣ ልጁ የኮንትሮለሩን መስታወት አነበበ፤ 28.8 ቮልት ይላል። ይህ ለሁለት የተያያዙ ባትሪዎች የሙላት ጫፍ ነው፤ አንዱ ባትሪ 14.4 ማለት ነውና። ከዚያም በመለኪያው በባትሪዎቹ ራስ ላይ ለካ፤ 27.2 ብቻ ሆነ። በሁለት ሜትር ገመድ መንገድ ላይ 1.6 ቮልት ጠፍቷል። ዘበኛው በበሩ ላይ ቆሞ «ጎተራው ሞልቷል» ይላል፤ ጎተራው ግን ግማሹ ባዶ ነው። ኮንትሮለር በዚህ ጫፍ ላይ ለጥቂት ሰዓት ቆይቶ ሞልቷል ብሎ ካመነ በኋላ ገቢውን ይቀንሳል፤ ወደ 27.2 ገደማም ወርዶ ባትሪውን ለመጠበቅ የሚበቃውን ብቻ ያፈስሳል። እንዲህ እየተታለለ ከሆነ የቀትሩን ብርቱ ፀሐይ በከንቱ ይመልሳል ማለት ነው።

የጠፋው ቮልት ወዴት እንደ ጠፋ የሚገኝበት ዘዴ ቀላል ነው። ባትሪው እየሞላ ሳለ የመለኪያው ሁለት ጫፎች በአንድ ገመድ ሁለት ራሶች ላይ ይደረጋሉ፤ ገመዱና መጋጠሚያው ጤነኛ ከሆኑ መለኪያው ወደ ዜሮ የቀረበ ቁጥር ያሳያል። በኔጌቲቩ ገመድ ላይ 0.1 ሆነ። በፖዘቲቩ ላይ 1.5 ሆነ። ልጁ ገመዱን በቁራጭ በቁራጭ እየለካ ሲሄድ፣ ከዚህ ውስጥ 1.4 ቮልቱ በፊውዙ መያዣ ላይ ብቻ ተገኘ። እጁን አስጠግቶ ዳሰሰው፤ ሞቋል። በዚያ ሰዓት 12 አምፔር ያልፍ ስለ ነበር፣ 17 ዋት ያህል ኃይል እዚያች ትንሽ መጋጠሚያ ላይ ሙቀት ሆኖ ይባክን ነበር። ክዳኑ ሲከፈት የገጠመው ሰው ብሎኑን አጥብቆ እንዳላሰረው ታየ፤ የላላው መጋጠሚያ ሲሞቅና ሲበርድ ከርሞ ጠቁሯል፤ ፕላስቲኩም ቀልጦ ተጣሟል። ነገሩ በዚያው ቢቀጥል ባትሪውን ማስራብ ብቻ ሳይሆን ቤቱን ማቃጠልም ይችል ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአባቶች ቃል በዚህ ቦታ እንደ ቃሉ ተፈጸመ።

ጥገናው የፈጀው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው። አዲስ የፊውዝ መያዣ ተገዛ፤ የገመዱ ራስ ተጠርጎ በአዲስ ማያያዣ ተጠበቀ፤ ፓኔሎቹም ጥላው ወደማይደርስበት ወደ ጣሪያው ምዕራብ ጫፍ ተዛወሩ። ከዚያ በኋላ በኮንትሮለሩና በባትሪው መካከል ያለው ልዩነት 0.1 ቮልት ብቻ ሆነ። በወጪውም በኩል ክረምቱ እስኪያልፍ ድረስ ቴሌቪዥኑ በባትሪ እንዳይከፈት፣ የኢንተርኔቱም ሣጥን ሌሊት እንዲጠፋ ተስማማን፤ መብራት ባለ ጊዜ ደግሞ ማቀዝቀዣዋ ከመስመሩ እንድትሠራ ተደረገ። ሁለት ሳምንት ካለፈ በኋላ ጎሕ ሲቀድ ሁለቱም ባትሪዎች 12.5 አሳዩ። ሞቱ የተባሉት ባትሪዎች ይኸው እስከ ዛሬ የእናታችንን መድኃኒት ያቀዘቅዛሉ። ለብዙ ቀን ተርበው የከረሙ ስለሆነ ከዕድሜያቸው ጥቂት መቀነሱ አይቀርም፤ ባዶ ሆኖ የሚከርም የእርሳስ ባትሪ በውስጡ ነጭ ድፍድፍ እየጠነከረበት የመያዝ ዐቅሙን ያጣልና። የልጃችን የትምህርት ክፍያ ግን በቀኑ ተከፈለ።

የሌላው ቤት ጥፋት ከእኛ የተለየ ሊሆን ስለሚችል፣ በየቤቱ ከሚታዩት ምክንያቶች ዋና ዋናዎቹን እንጨምር።

በግንባታ አካባቢ የሲሚንቶ አቧራ በፓኔል ላይ ይጋገራል፤ በበጋ ወራት በየሁለት ሳምንቱ በማለዳ፣ መስታወቱ ሳይሞቅ፣ በንጹሕ ውኃና በለስላሳ ጨርቅ ማጠብ ይበቃል። ኮንትሮለሩ የባትሪው ዓይነት የሚመረጥበት ቦታ አለው፤ ለአንዱ ዓይነት የተዘጋጀው ለሌላው ከተተወ ባትሪው ወይ ይራባል ወይ ከመጠን በላይ ይሞላል። አዲስ ባትሪ ከአሮጌ ጋር ማያያዝ ቁጠባ አይደለም፤ አሮጌው አዲሱን ወደ ራሱ ድካም ይጎትተዋል። ውኃ የሚጨመርባቸው ባትሪዎች ውስጣቸው ያለው ሳህን እንዳይደርቅ በየወሩ ሊታዩ፣ የተጣራም ውኃ ብቻ ሊጨመርላቸው ይገባል፤ የቧንቧ ውኃም ሆነ አሲድ አይጨመርም። ርካሽ የሆነው ዓይነት ኮንትሮለር ከፍተኛ ቮልት ካለው ትልቅ ፓኔል ጋር ሲገጠም ትርፉን ቮልት ወደ ጥቅም ሳይለውጥ ይጥለዋል፤ ስለዚህ 300 ዋት የተገዛው ፓኔል 150 ዋት እንኳ ላያስገባ ይችላል።

በቅርብ ዓመታት እየበዛ የመጣው የሊቲየም ባትሪ ደግሞ ጠባዩ ልዩ ነው። ቮልቱ ሊሞላም ሊጎድልም ሲል ብዙም ስለማይለዋወጥ፣ ከላይ የጻፍነው የቮልት ሚዛን ለእርሱ አይሠራም። በውስጡም የራሱ ዘበኛ አለው፤ ከመጠን በላይ ሲወርድ በሩን ዘግቶ ጭራሽ የሞተ ያስመስለዋል። እንዲህ ያለው ባትሪ ብዙ ጊዜ በተገቢው መሙያ ሲነቃ ይነሣል። ለእርሳስ ባትሪ የተዘጋጀ መሙያ ግን ሊስማማው ስለማይችል የሠሪውን መመሪያ ማንበብ ግዴታ ነው።

ይህን ሁሉ ስንል ሁሉ ሰው ገመድ ይፍታ ማለታችን አይደለም። መለካትና መመዝገብ የቤተ ሰብ ሥራ ነው፤ መፍታትና መግጠም የባለሙያ ነው። ሁለት ትላልቅ ፓኔሎች ሲያያዙ ከ90 ቮልት በላይ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ይህም ሰውን ይጎዳል። የባትሪው ሁለት ራሶች በመፍቻ ወይም በቀለበት ቢገናኙ ብረቱ ወዲያው ይግላል፤ ስለዚህ ቀለበትና የእጅ ሰዓት ይውለቁ። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ ሊቀጣጠል የሚችል አየር ያወጣልና፣ ባትሪው ባለበት ክፍል ጧፍም ሆነ ክብሪት አይለኮስ፤ ክፍሉም ነፋስ ይግባበት። ሲፈታ የፓኔሉ ገመድ በፊት፣ የባትሪው በኋላ ይሁን፤ ሲገጠም ደግሞ የባትሪው በፊት፣ የፓኔሉ በኋላ ይሁን፤ ብዙ ኮንትሮለሮች ያለ ባትሪ ከፓኔል ጋር ብቻ ሲገናኙ ይበላሻሉና።

ከዚህ ጋር አንድ የአገራችንን ምሳሌ ማንሣት ይገባል። በአማራ ክልል በሰሜን ሸዋ፣ ሬማ በተባለው የገጠር መንደር፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ገደማ በሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን አማካይነት የመንደሩ ቤቶች በፀሐይ መብራት በሩ። በዚያ ሥራ ከመብራቱ ይልቅ የሚያስመሰግነው አጠባበቁ ነው፤ የአገሩ ወጣቶች ጥገናውን እንዲማሩ ተደረገ፤ ቤተ ሰቦችም ለጥገናና ለባትሪ መለወጫ የሚሆን ጥቂት ገንዘብ በየወሩ እንዲከፍሉ ሥርዐት ተበጀ። ባትሪ እንደ በሬ ነው፤ ቢጠበቅም አንድ ቀን ያረጃል። ለዚያ ቀን አስቀድሞ በየወሩ ጥቂት የሚያስቀምጥ ቤተ ሰብ፣ በደረሰበት ጊዜ ከልጅ ትምህርትና ከሕመምተኛ መድኃኒት ላይ አይቀንስም።

ባትሪው በእውነት ባረጀ ጊዜም የሚደረግለት ሥርዐት አለ። በውስጡ ያለው እርሳስ መርዝ ነው፤ ይልቁንም የልጆችን አእምሮ ይጎዳል። ስለዚህ አሮጌ ባትሪ በግቢ ውስጥ አይሰበር፤ አሲዱም በጓሮ አይደፋ፤ ሳይከፈት በሙሉ አካሉ ለሚረከብ ነጋዴ ይሰጥ።

ክቡራን አንባቢዎቻችን፣ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ልትይዙ ብትወዱ፣ አንዲት ትንሽ ደብተር በባትሪው አጠገብ ስቀሉ። በየእሑዱ ጧት ያረፈውን ቮልት፣ በቀትር ደግሞ የኮንትሮለሩንና የባትሪውን ቁጥር ጎን ለጎን ጻፉ። ሥራው ዐሥር ደቂቃ አይሞላም፤ ፊደል የቆጠረ ልጅም ሊያደርገው ይችላል። ሻጩ መጥቶ «ሞቷል» ባለ ጊዜ ደብተሩን ገልጣችሁ «ከመቼ ጀምሮ? በየትኛው ቁጥር?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ያለው ባለሙያ በጥያቄው ይደሰታል፤ መልስ የሌለውም በትሕትና ቦርሳውን ይዞ ይሄዳል።